ጀልባ ስንከራይ፦ የሙሻ ደሴት አንድ ቀን ያስተማረን



ወደዚህች ምድር መጀመሪያ የመጡት ሙስሊሞች የጀልባ ሒሳብ ከፍለው ነው የመጡት። ታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጦበሪ እንደዘገቡት፣ በ615 ከመካ የወጡት ጥቂት ሶሓቦች ከፊሉ በእግር፣ ከፊሉ በእንስሳ ተጉዘው ሹዐይባ የተባለው ጠረፍ ደረሱ። እዚያ ሁለት የነጋዴ ጀልባዎች አገኙና በግማሽ ዲናር ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። እነርሱን ያሳፈራቸው ዲናቸውን ለማዳን የነበራቸው ጭንቀት ነው። የኛ ምክንያት ቀላል ነው። የሴሚስተር ፈተና አልቆ ባሕር ለማየት ጓጓን።

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት 13 ሆነን ጅቡቲ ሄደን ነበር። አንድ የሞተር ጀልባ ለቀኑ ተከራይተን ሙሻ ደሴት ዋልን። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሰላም ተመለስን። ከተመለስን ወዲህ ግን «እኛም ልንሄድ ነው፣ እንዴት ነው የሚደረገው?» የሚሉን ወንድሞችና እህቶች በዝተዋል። ፎቶዎቻችንን ያየ ሰው የቀኑን ውበት እንጂ ያጠፋነውን ጥፋት አላየም። ስለዚህ ሁለቱንም እንጻፈው ብለን ተነሳን።

የግል ጀልባ ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ደሴት የሚወጣ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው እንደ ታክሲ ለመቀመጫ ከፍሎ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መሄድ ነው። ሁለተኛው ጀልባውን ከነካፒቴኑ ለግማሽ ቀን ወይም ለሙሉ ቀን መከራየት ነው። የግል የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይቆጠርም። ሰባት ሆናችሁ ብትሄዱም አሥራ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱም ያው ነው።

ለኛ ዓይነት ጀመዓ ሁለተኛው ይሻላል። የት እንደምንቆም፣ መቼ እንደምንሰግድ፣ ሙዚቃ ይከፈት አይከፈት የምንወስነው ራሳችን ነን። እህቶች ከማያውቋቸው ሰዎች መሀል ሳይገቡ መዋኘት ይችላሉ። ነገር ግን ቀኑ የኛ ከሆነ ኃላፊነቱም የኛ ነው። በመቀመጫ ሒሳብ ስንሄድ ብዙውን ነገር የሚያዘጋጀው አስጎብኚው ነው። በግል ጀልባ ላይ ያልጠየቅነው ነገር ሳይዘጋጅ ሊቀር ይችላል።

የት? መቼ?

ጅቡቲ ከተማ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ነው ያለችው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ዝቅ ያሉ የኮራል ደሴቶች አሉ። ነጭ አሸዋ፣ ጥቂት ቁጥቋጦና በጨው ውሃ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ አላቸው። በዙሪያቸው ያለው ኮራል ጥልቀት ስለሌለው ለጀማሪ ይመቻል።

በክረምቱ ወራት ወደዚያ መሄድ አይመከርም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አቧራ የሚያነሳ ትኩስ ነፋስም አለ። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የኛም የሴሚስተር እረፍት እዚያው ውስጥ ይወድቃል።

በዚያው ወቅት ዌል ሻርክ የሚባለው በዓለም ትልቁ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። ሻርክ የሚለው ስም አያስደንግጣችሁ፤ ምግቡ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ነገር ግን እርሱ የሚታየው በአርታ ጠረፍ በኩል፣ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። ሙሻ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። «ሁለቱንም በአንድ ቀን እናሳያችኋለን» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ቀኑ በመንገድ እንደሚያልቅ እወቁ። አንዱን ምረጡ።

አንድ ነገር እንጨምር። በጅቡቲ የሳምንቱ ማረፊያ ዓርብና ቅዳሜ ነው። በእነዚህ ቀናት ጀልባ ይወደዳል፣ ጠረፉም ይጨናነቃል። እኛ ሰኞ ወጣን። ዓርብን ከተማ ውስጥ ጁሙዓ ሰግደን አሳለፍን።

ውሉ መሬት ላይ ይለቅ

በፊቅህ ኪራይ (ኢጃራ) የሚጸናው የሚገኘው ጥቅም፣ ዋጋውና ጊዜው ተለይተው ሲታወቁ ነው። ተድበስብሶ የቀረ ነገር ኋላ ጠብ ያመጣል። የሙሻን ታሪክ ስናነብ፣ በ1840 የታጁራው ሱልጣን ደሴቶቹን ለእንግሊዞች በ10 ከረጢት ሩዝ እንደሸጧቸው ይነገራል። ዋጋው እንኳ የታወቀ ነበር! እኛ ግን «ኢንሻአላህ እንስማማለን» የሚል መልስ ተቀብለን ተሳፈርን።

ሳትከፍሉ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት ያዙ።

1. ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ነዳጅና የካፒቴኑ ድካም ገብቶበታል?
2. ሰዓቱ የሚቆጠረው ከወደብ ስንነሳ ነው ወይስ ደሴቱ ስንደርስ?
3. ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል?
4. ላይፍ ጃኬት ስንት አለ? በሁላችን ልክ አለ? አሁን ማየት እንችላለን?
5. የውሃ መነጽርና ቱቦ ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል?
6. ነፋስ ተነስቶ ጉዞው ቢቀር ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል?
7. ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሞተሩ ቢቆም ካፒቴኑ በምን ይጣራል?

በመካከላችን ያለውም ሒሳብ ውል ነው። ለስሌት ያህል ጀልባው 60,000 የጅቡቲ ፍራንክ ነው እንበል። ለ12 ሰው ሲካፈል 5,000 ይደርሳል፤ አንድ ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ ስለሆነ 28 ዶላር መሆኑ ነው። በመጨረሻው ቀን ሦስት ሰዎች «አልመችም» ቢሉ የቀሩት ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 6,667 ሊከፍሉ ነው። ለተማሪ ኪስ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስም ያስመዘገበ ሰው ቀድሞ ይክፈል፤ ከቀረ ተተኪ ያምጣ። ይህ ከመጀመሪያው ከተነገረ ማንም አይቀየምም።

ስኖርክሊንግ እንዴት ነው የሚሠራው?

ስኖርክሊንግ ጠልቆ መግባት አይደለም። በውሃው ላይ በደረት ተንሳፍፎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ ከታች ያለውን ማየት ነው። ሦስት ዕቃ ይፈልጋል፤ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር፣ በአፍ የሚያዝ ቱቦና እግር ላይ የሚጠለቅ ክንፍ።

ዓይናችን ውሃ ሲነካው ሁሉም ነገር ይደበዝዝበታል። መነጽሩ በዓይንና በውሃ መካከል አየር ስለሚያስቀምጥ አጥርተን እናያለን። ዓሣው ግን ከእውነተኛ መጠኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ተልቆ፣ ቀረብ ብሎም ይታየናል። «ይህን የሚያህል ዓሣ አየሁ» ያለው ወንድማችን አልዋሸም ለማለት ነው። ቱቦው አጭር የሆነበትም ምክንያት አለ። ቢረዝም የተነፈስነው አየር እዚያው ውስጥ ይቀርና መልሰን እንስበዋለን። ጠለቅ ካልንም ውሃው ደረታችንን ስለሚጫን ሳንባችን አየር መሳብ ያቅተዋል።

ቱቦው ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መደንገጥ ሳይሆን ባለን ትንፋሽ በኃይል «ጡፍ» ማድረግ ነው፤ ውሃው በላይ ይወጣል። ይህን ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አሥር ጊዜ የተለማመደ ሰው ጥልቅ ቦታ ላይ አይደነግጥም።

ጺምና ሒጃብ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። መነጽሩ ውሃ የማያስገባው ላስቲኩ ከቆዳ ጋር ሲጣበቅ ብቻ ነው። የሒጃቡ ጠርዝ ከላስቲኩ ሥር ከገባ ውሃ ያስገባል። ጨርቁን ከመነጽሩ ላስቲክ ውጭ ማድረግ፣ ማሰሪያውን ደግሞ ከሒጃቡ ላይ ማዋል ያስፈልጋል። ለጺምና ለሪዝ ከላስቲኩ ሥር ትንሽ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል።

«ዋና አልችልም»

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ከወደብ ተነስተን ሃያ ደቂቃ ከሄድን በኋላ ነው ላይፍ ጃኬቶቹን የቆጠርናቸው። ለ13 ሰው ዘጠኝ ነበሩ፤ የአንዱም መቆለፊያ የተሰበረ ነበር። ካፒቴኑን ስንጠይቀው «ወጣቶች አይደላችሁ፣ ምን ትሆናላችሁ!» ብሎ ሳቀ። በዚያች ሰዓት መመለስ ነበረብን። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ደሴቷም ታየችን፤ አልተመለስንም። የካፒቴኑን ጥፋት አንክድም፤ የኛ ግን ይብሳል፤ መሬት ላይ ሆነን መቁጠር እንችል ነበር።

ከዚያ አሚራችን «ዋና የማይችል ማነው?» ብሎ በሁሉም ፊት ጠየቀ። አራት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። አምስተኛው ዝም አለ። ቁመቱ ረዥም፣ ኳስ ላይ የታወቀ ወንድማችን ነው። ጃኬቱን ለሌላ ሰጥቶ ከጀልባው ዘለለ። ጥቂት ቆይቶ ቱቦው ውስጥ ውሃ ገባበት፤ መነጽሩን ከፊቱ ነቀለ፤ አጠገቡ የነበረውን ወንድም አንገት አነቀ። ሁለቱም ገቡ። ጩኸት አልነበረም፤ የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልሙ አይጮኽም፤ ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል። የካፒቴኑ ረዳት ገመድ ያለው ተንሳፋፊ ቀለበት ወርውሮ ሁለቱንም ጎተታቸው። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ወንድማችን ጀልባው ላይ ፎጣ ተከናንቦ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ «ሰው ሁሉ እያየኝ አልችልም ማለት አፈርኩ» አለ። ይህ እንዲጻፍ የፈቀደው እርሱ ራሱ ነው፤ ጀዛሁላሁ ኸይረን።

አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ዋና ያለመቻል ነውር አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው በአደባባይ ከተጠየቀ መልሱ ውሸት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝነው ደንብ ይህ ነው።

አሚሩ ከጉዞው በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቃል። እህቶችን እህት ትጠይቃለች። መልሱ ምንም ይሁን ምን ውሃ የሚገባ ሁሉ ላይፍ ጃኬት ያጠልቃል፤ ሁሉም ከለበሰ የሚያፍር አይኖርም። ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላውም ይወጣል። አንድ ሰው ጀልባው ላይ ቀርቶ ጭንቅላት ይቆጥራል። ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም አይዘልም። ትንፋሽ ይዞ ማን ይቆያል የሚል ውድድር ክልክል ነው፤ ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ሰውን ሳይታወቀው ራሱን ያስታል። የሚሰጥም ሰው ካያችሁ ገመድ፣ ጃኬት፣ ባዶ ጀሪካንም ቢሆን ወርውሩለት፤ ሥልጠና ሳይኖራችሁ ባዶ እጃችሁን አትቅረቡት።

ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ታዘናል። ተወኩል ግመልን ከማሰር በኋላ እንደሚመጣም ሁላችን ተምረናል። ባሕር ላይ ማሰሪያው ላይፍ ጃኬት ነው።

ልብስ

ለወንዶች ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው። ሰፊ ቁምጣ ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ጉልበትን የሚያልፍ ጠበቅ ያለ ሱሪ ይደረግ። እጅጌው ረዥም ቲሸርትም ጀርባን ከፀሐይ ያድናል። በደረት ተንሳፍፎ የሚውል ሰው ጀርባው መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው።

በኛ ጉዞ የነበሩት አራት እህቶች ከመሕረሞቻቸው ጋር ነበሩ። ደሴቱ ላይ ከማንግሮቩ ወዲያ ያለውን ጠረፍ ለእነርሱ ለቀቅን። ከእነርሱ የተማርነው ይህ ነው፦ የጥጥ ዐባያ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ላይም ይጠመጠማል፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ሸሚዝ ያለው ይሻላል። ላይፍ ጃኬቱ ከላይ ሲታሰር ልብሱንም ይይዘዋል። ስልክና ካሜራ በተመለከተ፣ ያልፈቀደ ሰው ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ከመነሳታችን በፊት ተስማምተን ነበር።

ሶላት

ከድሬዳዋ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሙሳፊሮች ነበርን። አራት ረከዓ የሆኑትን ሶላቶች ወደ ሁለት አሳጠርን። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርንና ዐስርን መሰብሰብ ለሙሳፊር ይፈቀዳል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን ከሐጅ ውጭ ጀምዕ የለም። በመካከላችን ሁለቱም ስለነበሩ ማንም ማንን አልነቀፈም። የሰበሰብነው ሰበሰብን፣ ሐነፊዮቹ ዐስርን በወቅቱ ለብቻ ሰገዱ።

ጀልባ ላይ መስገድ ይቻላል፤ መቆም የቻለ ቆሞ፣ ያልቻለ ተቀምጦ። በትንሽ የሞተር ጀልባ ላይ ግን መቆም ስለሚያስቸግር የኪራዩን ሰዓት ስትስማሙ የዙህር ወቅት ደሴቱ ላይ እንዲያገኛችሁ አድርጉ። ቂብላው ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። ውዱእ በባሕር ውሃ ይሆናል። ባሕር የሚወጡና የሚጠጡት ውሃ ጥቂት የሆነባቸው ሰዎች ይህንኑ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው፣ የባሕር ውሃ ንጹሕ መሆኑን ነግረዋቸዋል። የመጠጥ ውሃችሁን ለመጠጥ አቆዩት፤ ለሰው ቢያንስ 3 ሊትር ያዙ። ሶፉንም ከውሃው ጠርዝ ራቅ አድርጉት። የኛ የመጀመሪያው ሶፍ ሁለተኛው ረከዓ ላይ ሱጁድ ሲወርድ ባሕሩ ሞልቶ ግንባሩን አረጠበው።

ኮራሉ አማና ነው

በሱረቱ-ር-ረሕማን ከሉል ጋር የተጠቀሰው «መርጃን» ዛሬ በዐረብኛ የኮራል ስም ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው፤ እልፍ አእላፍ ደቃቅ እንስሳት ተያይዘው የሠሩት ቤት ነው። ትላልቆቹ ክብ ኮራሎች በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድጉት። አንድ ሰው በእግሩ ቆሞ የሚሰብረው እጅ የሚያህል ቁራጭ የሃያ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ ማለት ነው።

ስለዚህ ኮራል ላይ አንቆምም፤ ደክሞን ማረፍ ብንፈልግ በጀርባ ተንጋለን እንንሳፈፋለን። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ከሐይቅ ይልቅ ሰውን ይሸከማል። ካፒቴኑ መልሕቁን አሸዋ ላይ እንዲጥል እንጠይቃለን። ዛጎል ለማስታወሻ አንለቅምም። የማናውቀውን ነገር አንነካም፤ ረዣዥም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርትና ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ እዚያ አሉ፤ ስንራመድ ጫማ አንለይም። ቆሻሻችንንም በጆንያ ይዘን ተመለስን።

ለማጠቃለል

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ጀልባው እየዘለለ ስንመለስ ሦስታችን አስመለሰን። ለዚህም መላ አለው፦ ከጀልባው ኋላ ቁጭ ብሎ አድማሱን መመልከት፣ የሚያስመልሰው ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት በፊት መውሰድ። ማታ ከተማ ስንደርስ ጨዋማና የተቃጠልን፣ ግን ደስተኞች ነበርን። በሕይወታችን ያላየነውን የአላህን ፍጥረት አይተናል። ያ ረዥም ወንድማችን ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን መዋኛ ገንዳ እየሄደ ይማራል። ሁለት ጓደኞችም ይዞ ይሄዳል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ ጀልባውን ከመምረጣችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ዋና የማይችለውን ወንድማችሁን ለብቻው ጠይቁት። ሲነግራችሁም አትሳቁበት።

አላህ ጉዟችሁን በሰላም ያድርግላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።